ኪሳችን ውስጥ ያለው ማን ቱ ማን

እሁድ አመሻሽ ላይ ነው እንበል። ኮልፌ፣ 18 ማዞሪያ አካባቢ ካሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች አንዱ ውስጥ ገብታችኋል። ወንበሩ አልቋል። ቀድሞ የመጣ ተቀምጧል፤ ያረፈደ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መድፈኞቹ እየመሩ ነው፤ የማንቼ ደጋፊዎች ዳኛውን ይረግማሉ። ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ማንም አልደወለም፣ እናንተም አልነካችሁትም። ታዲያ በዚያች ደቂቃ ስልኩ የኮሜንታተሩን ድምፅ ሰምቶ «ባለቤቴ አሁን ያለው እዚህ ቤት ነው፣ ጨዋታውም እየታየ ነው» ብሎ ለሊጉ አስተዳዳሪዎች ቢያሳብቅስ?

«ኧረ ባክህ! ፊልም ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ፊልም አይደለም። ስፔን ውስጥ ተደርጓል። ያደረገውም የስለላ ድርጅት ሳይሆን የምንወደው ላሊጋ ነው።

ዛሬ ስለ ተጫዋቾች ዝውውር አላወራም። የማወራው ስለ ሌላ ዝውውር ነው፤ ከእኛ ስልክ ተነስቶ ወደማናውቀው ሰው ስለሚዘዋወረው፣ «የት ነበርክ? በስንት ሰዓት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ስለሚሆነው መረጃ። የዝውውር ሂሳብ የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ መስኮቱም በጃንዋሪ አይዘጋም። ይሄን ጉዳይ የስፖርት ገፅ ላይ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል።

ሳያውቅ የጠቆመው ደጋፊ

ነገሩ ወዲህ ነው። ላሊጋ ደጋፊዎች ውጤት፣ ዜናና የጨዋታ ፕሮግራም የሚከታተሉበት የራሱ የስልክ አፕ አለው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ጭኖታል። እ.ኤ.አ በ2018 አፑ ሌላም ሥራ እንደሚሠራ ታወቀ። በጨዋታ ሰዓት የስልኩን ማይክሮፎን ይከፍታል፣ በአካባቢው ያለውን ድምፅ ይቀበላል፣ በዚያው ቅፅበት ስልኩ የት እንዳለ ይመዘግባል።

ለምን? ስፔን ውስጥ ቡና ቤቶች ጨዋታ ለማሳየት ከመኖሪያ ቤት የበለጠ ክፍያ ይጠየቃሉ። አንዳንዱ ባለቤት ግን የቤቱን ዲኮደር አምጥቶ ይሰካል፣ ወይ ከኢንተርኔት ሰርቆ ያሳያል። ላሊጋ ያን ጊዜ በዚህ የተነሳ በዓመት 150 ሚሊዮን ዩሮ አጣለሁ ባይ ነበር። እናም ስልኩ የሰማው ድምፅ የጨዋታው ድምፅ ከሆነና ቦታው ደግሞ ያልከፈለ ቡና ቤት ከሆነ፣ ባለ ቡና ቤቱ ተያዘ ማለት ነው። የእኛ ሰፈር የዲኤስቲቪ ቤት ባለቤቶች ይሄን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እናንተው ገምቱ!

ልብ በሉ። ባለ ቡና ቤቱን ያስያዘው ፖሊስም ተቆጣጣሪም አይደለም። ቢራውን ይዞ የተቀመጠው ደጋፊ ነው፤ ያውም ሳያውቀው።

በጁን 2019 የስፔን የዳታ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ላሊጋን 250 ሺህ ዩሮ ቀጣው። ላሊጋ በበኩሉ ድምፁን ወደ ኮድ ስለምንለውጠው የሰው ወሬ አንሰማም፣ ደጋፊውም አፑን ሲጭን ፈቅዷል ብሎ ተከራከረ። ውሳኔውን እንደማይቀበልና ፍርድ ቤት እንደሚሄድም አስታወቀ። የመሥሪያ ቤቱ መልስ ግን ለእኛም የሚሆን ትምህርት አለው። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ «እስማማለሁ» ማስባል አይበቃም፤ ማይክሮፎኑ በሚከፈትበት ሰዓት ሰውየው ማወቅ አለበት ነው ያለው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ «እስማማለሁ» ከሚለው በላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ የሚጫን ስንት ሰው አለ? እኔ አንብቤ አላውቅም።

ከሦስት ዓመት በኋላ የኳታር የዓለም ዋንጫ መጣ። ወደ ኳታር የሚሄዱ ደጋፊዎች «ሃያ» የሚባለውን የመግቢያ አፕ መጫን ነበረባቸው። ለኮቪድ መቆጣጠሪያ የተሠራው «ኢህተራዝ» የሚባልም ሌላ ነበር። በኖቬምበር 2022 የጀርመን የዳታ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ዜጎቹን አስጠነቀቀ። አፖቹን የግድ ካልሆነ አትጫኑ፣ መጫን ካለባችሁም ሌላ ስልክ ያዙ፣ የእጅ ስልካችሁ ላይ አይሁን አለ። ለዓለም ዋንጫ ሲባል ሁለተኛ ስልክ ያዙ መባሉ ያን ጊዜ ብዙዎቻችንን አስቆን ነበር።

ሳተላይቱ ምን አደረገ?

ብዙ ሰው ጂፒኤስ ሲባል ሰማይ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያየን ዓይን ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከመሬት 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሰዓቶች ናቸው ብትሏቸው ይቀላል። «እኔ እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱም ይሄ ነው» የሚል ምልክት ወደታች ይለቃሉ። ስልካችሁ ከአራት ሳተላይቶች ምልክት ከተቀበለ የት እንደቆመ ራሱ አስልቶ ያገኘዋል። ሳተላይቱ ግን እናንተን አያውቃችሁም። ኮልፌ ሁኑ ኮምቦልቻ ግድ የለውም።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስልኩ ያሰላውን ቦታ ለአፑ ይሰጣል፣ አፑ በኢንተርኔት ወደ ድርጅቱ ይልካል፣ ድርጅቱ ያስቀምጠዋል ወይ ለሌላ ይሸጠዋል። ጂፒኤስ ቢጠፋም ስልኩ ከቴሌ አንቴና ጋር መነጋገሩን አያቆምም። ስለዚህ ኔትወርክ እስካለ ድረስ በየትኛው አንቴና ሥር እንዳላችሁ ይታወቃል። በእግር ኳስ ቋንቋ፣ ሳተላይቱ ኳሷን ያቀበለ ብቻ ነው። ጎሉን የሚያገባብን አፑ ነው።

«እሺ፣ ስሜን ካልጻፉበት ምን ችግር አለው?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ በ2013 ተመራማሪዎች የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወራት የሞባይል እንቅስቃሴ መረጃ ወስደው አጠኑ። ስም የለበትም። የት አካባቢና በስንት ሰዓት የሚል ብቻ ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? አራት የቦታና የሰዓት ነጥብ ብቻ ካወቁ ከ100 ሰው 95ቱን ለይቶ ማውጣት ይቻላል።

አራት ነጥብ ብዙ እንዳይመስላችሁ። ሌሊቱን ዓለም ባንክ የሚያድር፣ ጠዋት መርካቶ የሚውል፣ ማክሰኞ ማታ ቤቴል የሚማር፣ ቅዳሜ ሎሚ ሜዳ ኳስ የሚጫወት ስልክ ስንት አለ? አንድ ነው። ስሙን መጻፍ አያስፈልግም፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው «ይሄማ እገሌ ነው!» ይላል። የሚያድርበት ቤቱ ነው፣ የሚውልበት ሥራው ነው። የሚያመልክበት፣ የሚታከምበት፣ በድብቅ የሚያገኛት ልጅም አለች። ሁሉም ነጥብ ነው።

ኮልፌና ማንዴላ

አሁን ወደ ሰፈራችን ታሪክ ልውሰዳችሁ። በ1954 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ረጅም፣ ግዙፍ ደቡብ አፍሪካዊ ኮልፌ ገባ። ያን ጊዜ ኮልፌ የከተማ ዳር ነው፤ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠራዊት ሰፈር አለበት። ሰውየው ኔልሰን ማንዴላ ነበር። በድብቅ ከአገሩ ወጥቶ፣ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም እየተንቀሳቀሰ፣ ወታደራዊ ሥልጠና ሊወስድ ነው የመጣው። ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ከሚያስተምሩት አንዱ ነበሩ። ማንዴላ ኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ ይሄንኑ የኮልፌ ሥልጠና ያነሳል። ጠመንጃ፣ ጥይትና ውሃ ብቻ ተይዞ በተወሰነ ሰዓት ሩቅ ቦታ መድረስ የሚጠይቅ ጉዞ እንደነበረበትም ይተርካል። ቦክሰኛ ስለነበረ አካሉ ለዚያ አዲስ አልነበረም።

ሥልጠናው ስድስት ወር እንዲሆን የታሰበ ቢሆንም ድርጅቱ በአስቸኳይ ስለጠራው በመሃል አቋርጦ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም ሃዊክ የምትባል ከተማ አጠገብ፣ የመኪና ሹፌር መስሎ ሲጓዝ ፖሊስ አስቆመው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የታሰረው 27 ዓመት ነው። እ.ኤ.አ በ2016 ደግሞ በዚያ ዘመን ደርባን ውስጥ የነበረ አንድ አሜሪካዊ ዲፕሎማትና የሲአይኤ ሰው፣ ማንዴላ የት እንደሚያልፍ ለፖሊስ የጠቆምኩት እኔ ነኝ ማለቱ ተዘገበ።

ስሙን ቀይሯል፣ ሥራውን ቀይሯል፣ መታወቂያውን ቀይሯል። ያስያዘው ግን ሌላ ሳይሆን የት እንዳለ መታወቁ ነው።

አሁን እስቲ አስቡት። ያ ሰው ከኮልፌ ተነስቶ በእግሩ ተራራ ለተራራ ሲጓዝ እጁ ላይ የዛሬው የሩጫ ሰዓት ቢኖርስ? ቀልድ አይደለም፤ የሚመስለው ነገር ሆኗል። ስትራቫ የሚባለው የሯጮችና የብስክሌተኞች አፕ እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2017 አንድ የዓለም ካርታ አወጣ። ተጠቃሚዎቹ የሮጡበት መንገድ ሁሉ እንደ መብራት ያበራል። ስም የለበትም። ከሦስት ትሪሊዮን በላይ የጂፒኤስ ነጥብ ተሰብስቦበታል። ትልልቅ ከተሞች እንደ ገና ዛፍ ደምቀው ይታያሉ።

በጃንዋሪ 2018 ናታን ሩዘር የተባለ የ20 ዓመት አውስትራሊያዊ ተማሪ ካርታውን ትኩር ብሎ አየው። ሰው በማይኖርበት በረሃ መሃል አንዳንድ ቦታ ላይ የሚያበሩ ክብ መስመሮች አሉ። ምንድን ናቸው? የወታደር ካምፖች! ወታደሮቹ ጠዋት ጠዋት የካምፑን አጥር እየዞሩ ይሮጣሉ፣ ሰዓታቸው ይመዘግባል፣ ካርታው ላይ አጥሩ ተስሎ ይወጣል። ሶሪያና አፍጋኒስታን ውስጥ ያሉ ካምፖች ታዩ። እዚሁ ጎረቤታችን ጅቡቲ ያለው የአሜሪካ ካምፕም ታየ። ከወራት በኋላ፣ በኦገስት 2018፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በግዳጅ ላይ ያሉ ወታደሮቹ ቦታ የሚመዘግቡ አፖችንና መሣሪያዎችን እንዳይጠቀሙ ከለከለ።

ዓለም ከዚያ የተማረ መስሏችሁ ከሆነ አልተማረም። እ.ኤ.አ በ2024 የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ የፕሬዚዳንቶችን ጠባቂዎች የሩጫ ካርታ ተከትሎ መሪዎቹ የት እንደሚያርፉ አሳየ። የማክሮን ጠባቂዎች ይገኙበታል፣ የባይደንም እንዲሁ። በጁላይ 2023 ደግሞ ክራስኖዳር በምትባል የሩሲያ ከተማ አንድ የቀድሞ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ጠዋት ሲሮጥ በጥይት ተገደለ። የሚሮጥበትን መንገድ በስትራቫ ላይ ለሰው ሁሉ ክፍት አድርጎት ነበር። ገዳዩ በዚያ ተጠቅሞ ይሆናል ተብሎ ተዘገበ።

አንድ ሰዓት ለዳኛው

ስፖርተኛው ራሱስ? ተጫዋቾችና አትሌቶች ከእኛ በባሰ ይታያሉ። ፊፋ እ.ኤ.አ ከ2015 ጀምሮ ተጫዋቾች በጨዋታ ላይ መከታተያ መሣሪያ እንዲለብሱ ፈቅዷል። ልምምድ ላይ ከማሊያ ሥር የሚለበሰው፣ የጡት መያዣ የሚመስለው ጥቁር ነገር ያ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ሮጠ፣ ስንት ጊዜ ፈጠነ፣ መቼ ደከመ፣ ሁሉንም ይቆጥራል። ጉዳት ለመከላከል ጥሩ ነው። ግን መረጃው የማን ነው? የክለቡ ወይስ የተጫዋቹ? ኮንትራት ሲያልቅ ገዢው ክለብ አይቶት «ይሄ ልጅ ፍጥነቱ ቀንሷል» ቢል ዋጋው ይወርዳል። እንግሊዝ ውስጥ የቀድሞው የካርዲፍ ሲቲ አሠልጣኝ ራስል ስሌድ 850 ተጫዋቾችን አስተባብሮ፣ እ.ኤ.አ በ2021፣ ተጫዋቾች የሜዳ ላይ መረጃችንን ያለ ፈቃዳችን ተጠቅመዋል ላሏቸው 17 ኩባንያዎች የክስ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ።

አትሌቶች ጋ ስንመጣ ይብሳል። በፀረ-ዶፒንግ ሕግ መሠረት በምርመራ መዝገብ ውስጥ ያለ ትልቅ አትሌት በየሦስት ወሩ አድራሻውን ያስመዘግባል። በየቀኑም አንድ ሰዓት መርጦ «በዚህ ሰዓት እዚህ ቦታ እገኛለሁ» ይላል። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከጎደለ ይቀጣል። የ2019ኙ የ100 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ክርስቲያን ኮልማን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ያመለጠው በዚህ ነው። ሦስተኛው ጥፋት የተመዘገበበት ዕለት ምሽት ገበያ ወጥቶ ነበር። የመረጠው ሰዓት ሳያልቅ ቤቴ ደርሻለሁ ብሎ ቢከራከርም የሱቅ ደረሰኞቹ ሌላ ተናገሩ። ልብ በሉ፣ ደረሰኝም የት እንደነበርክ ይናገራል!

«ይሄማ መብት መርገጥ ነው» ብለው 99 የእግር ኳስ፣ የራግቢ፣ የእጅ ኳስና የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከማኅበሮቻቸው ጋር ሆነው ፈረንሳይን በአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ከሰሱ። ብስክሌተኛዋ ዣኒ ሎንጎም ነበረችበት። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2018 ፈረደባቸው። የግል ሕይወታቸው እንደሚነካ አመነ። ነገር ግን ስፖርቱን ንጹሕ ለማድረግና የስፖርተኞችን ጤና ለመጠበቅ አስፈላጊ ነው አለ።

እኔ በፍርዱ እስማማለሁ። መጭበርበር የሚጎዳው እኮ ንጹሑን አትሌት ነው። ግን አንድ ሰው አደራ ሲሰጥ አደራው መጠበቅ አለበት። በኦገስት 2016 የሆነውን አስታውሱ። የሩሲያን የዶፒንግ ጉድ ያጋለጠችው የ800 ሜትር ሯጯ ዩሊያ ስቴፓኖቫ ከአገሯ ወጥታ ተደብቃ ትኖር ነበር። አድራሻዋ ያለው ግን በዓለም የፀረ-ዶፒንግ ድርጅት ሲስተም ውስጥ ነው። አንድ ቀን የሷን አካውንት ሌላ ሰው ሰብሮ መግባቱ ተደረሰበት። እሷና ባሏ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሌላ ቦታ ሄዱ። ጥፋቷ ምን ነበር? ሕግ አክብራ የምትኖርበትን ማስመዝገቧ።

የእኔ ጥፋት

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ጤና ቡድን አለን። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአየር ጤና ተነስተን ወደ ካራ ቆሬ እንሮጣለን፤ ከዚያ ኳስ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሩጫ አፕ አግኝቼ «ሁላችሁም ጫኑ» ያልኩት እኔ ነኝ። የስፖርት ጋዜጠኛ አይደለሁ? ሰንጠረዥ እወዳለሁ። በሳምንት ማን ስንት ኪሎ ሜትር ሮጠ የሚል ደረጃ እየሠራሁ፣ ከነካርታው፣ ከነሰዓቱ፣ በቡድናችን የቴሌግራም ቻናል ላይ እለጥፍ ነበር። ቻናሉ ክፍት ነው። ማንም ገብቶ ያያል። ማንንም «ልለጥፈው ወይ?» ብዬ አልጠየቅኩም።

ከሳምንት ሳምንት አንደኛ የምትወጣው አንዲት ልጅ ነበረች። የሥራ ቀናት ብቻዋን ትሮጥ ነበር፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቤቷ ወጥታ። አንድ ቀን ጠዋት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ልክ አይደለም። የማታውቀው ሰው ከበሯ ማዶ ቆሞ ጠብቋት «ዛሬ ዘገየሽ፤ ሁሌ 11 ተኩል አልነበር የምትወጪው?» አላት። ስሟንም ጠርቷታል። በማግስቱም እዚያው ቆሞ ነበር።

«ሌላ ምንም አላደረገሽም አይደል?» አልኳት። እኔ ማጽናናቴ ነበር።

«ሩጫዬን ወሰደብኝ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ያድርገኝ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሰውየው ቻናሉን አይቶ ይሁን በሌላ መንገድ አላረጋገጥኩም። ግን የቤቷን በር፣ የምትወጣበትን ደቂቃና ስሟን አንድ ላይ አድርጌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ካርታው የሚጀምረው ከበሯ ነው፣ የሚያልቀውም በሯ ላይ። ያን ዕለት ቻናሉን ዘጋሁት፣ የለጠፍኩትንም አጠፋሁ። ማን ቀድሞ እንዳስቀመጠው ግን የማውቅበት መንገድ የለም። ጎል ከገባ በኋላ ግብ ጠባቂ እንደ መቀየር ነው።

ልጅቷ ለአራት ወር አልሮጠችም። ዛሬ ተመልሳለች፤ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር፣ በተለያየ ሰዓት፣ ስልኳን ቤት ትታ። ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ስሟን፣ ሥራዋንና ሰፈሯን ግን አልጽፍም። ይሄን ትምህርት ዘግይቼም ቢሆን ተምሬዋለሁ።

ሕጉ ምን ይላል?

የግል ሕይወት መከበር አገራችን ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት መብት እንዲከበር ይደነግጋል፤ በስልክ የሚደረግ ግንኙነትንም ይጨምራል። በወረቀት ላይ ያለውና መሬት ላይ ያለው ሁሌ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2014 ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት የፀጥታ አካላት የሰዎችን የስልክ መዝገብ ያለ በቂ የሕግ ቁጥጥር እንደሚያገኙ ገልጾ ነበር።

በ2016 ዓ.ም ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ። የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአዋጁ መንፈስ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። የሰው መረጃ የሚሰበስብ ሕጋዊ ምክንያት ይኑረው፣ ለምን እንደሚሰበስብ ይናገር፣ ለተባለው ነገር ብቻ ይጠቀምበት፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይውሰድ፣ በጥንቃቄም ያስቀምጥ። ሰውየውም ስለ ራሱ ምን እንደተያዘ የመጠየቅና የማረም መብት አለው። ከዚህ በፊት ይሄን የሚጠይቅ ራሱን የቻለ ሕግ አልነበረንም። ግን ሕግ ልክ እንደ ዳኛ ነው፤ ፊሽካውን ካልነፋ ተጫዋቹ ይቀጥላል። እኛም ፋውል ሲሠራብን ካላወቅን እጃችንን አናነሳም።

እስከዚያው እንዴት እንከላከል?

ስልካችሁን ጣሉት አልልም። መኪና ስትጠሩ ሹፌሩ የት እንዳላችሁ ማወቅ አለበት፤ ልጅ ሲጠፋም የስልኩ ቦታ ሊያስገኘው ይችላል። ነገሩ መከታተል ሁሉ መጥፎ ነው አይደለም። ማን ያያል፣ ለምን ያያል፣ እስከ መቼ ያስቀምጠዋል የሚለው ነው። ከባለሙያዎች የተማርኩትንና ከራሴ ስህተት ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሎኬሽን የተፈቀደላቸውን አፖች አንድ በአንድ እዩ። የኳስ ውጤት የሚያሳይ አፕ የት እንደቆማችሁ ምን አገባው? ባትሪ መብራት የሚያበራውስ? አጥፉባቸው። የግድ ለሚያስፈልገው «ስጠቀምበት ብቻ» የሚለውን ምረጡ።

ሁለተኛ፣ በአፕ የምትሮጡ ከሆነ ካርታችሁን ለሁሉም ሰው ክፍት አታድርጉት። ሰዓቱን ከበራችሁ ላይ አትጀምሩት፤ ዋናው አስፋልት ከደረሳችሁ በኋላ ጀምሩ፣ ቤት ሳትደርሱም አቁሙ። አንዳንዱ አፕ የቤታችሁን ዙሪያ የሚደብቅ ነገር አለው፣ ተጠቀሙበት። ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ሁሉም መንገዳችሁ አንድ ክብ ዳር ላይ ደርሶ ከጠፋ፣ የክቡን መሃል መገመት ለጮሌ ሰው ከባድ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ቴሌግራም ላይ ላይቭ ሎኬሽን ከላካችሁ መቼ እንደሚያበቃ እዩ። ለአንድ ሰዓት የላካችሁት መስሏችሁ ለረጅም ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

አራተኛ፣ ይሄኛው ለአሠልጣኞችና ለጤና ቡድን አለቆች ነው፤ የሌላውን ሰው ቦታ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁት። የታዳጊዎች ቡድን ከሆነ ደግሞ «ልጆቻችን በየቀኑ በዚህ ሰዓት በዚህ ሜዳ ናቸው» ብሎ ከነፎቶው ለዓለም ማወጅ ምን ይጠቅማል? ለወላጆቻቸው ብቻ ንገሩ።

አምስተኛው ለእኛ ለጋዜጠኞች ነው። የስፖርት ገፆች ላይ ተጫዋች ስናስተዋውቅ የሚኖርበትን ሰፈር፣ ማታ የሚቀመጥበትን ካፌ፣ የመኪናውን ዓይነት መጻፍ ልማዳችን ነው። አንባቢም ይወደዋል። ግን ተጫዋች በስንት ሰዓት ቤቱ እንደማይኖር አገር የሚያውቅለት ሰው ነው፤ ፕሮግራሙ ታትሞ ይወጣል። ራሂም ስተርሊንግ በኳታሩ የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ ሴኔጋልን በገጠመችበት ጨዋታ ያልተሰለፈው እንግሊዝ ያለው ቤቱ ተሰብሮ ወደ ቤተሰቡ ስለሄደ ነው። ጃክ ግሪሊሽ ደግሞ በዲሴምበር 2023 ከኤቨርተን ጋር ሜዳ ላይ ሆኖ ሲጫወት ቤተሰቦቹ ባሉበት ሌቦች ቤቱ ገቡ። ሌባው መቼ እንደሚገባ ለማወቅ የደረጃ ሰንጠረዡን አጠገብ ያለውን ፕሮግራም ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ቤቱ የት እንደሆነ ደግሞ እኛ ካልነገርነው ቢያንስ ትንሽ ይድከም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እኔ በምጽፈው ገፅ ላይ የማንም ተጫዋች ሰፈር አይወጣም። የት ተወለደ? እጽፋለሁ። የት ሜዳ ላይ ኳስ ጀመረ? በደስታ እጽፋለሁ። ዛሬ ማታ የት ያድራል? እሱ የራሱ ነው።

ቅዳሜ ጤና ቡድናችን ይገናኛል። ሰንጠረዡ አሁንም አለ፤ ያለሱ አይሆንልኝም። ከተማርነው በኋላ ግን በወረቀት ሆኗል። እያንዳንዱ ሰው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ በአፉ ይነግረኛል፣ እኔም አምኜ እጽፋለሁ። አንዳንዱ እንደሚዋሽ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ «40 ኪሎ ሜትር» ሲለኝ ሁላችንም ሳቅን። ይዋሽ! የት እንደነበረ አልጠየቅኩትም።